ሰው የማያየው ጾም፤ ሰው የማያየው ሚዛን

ምስጋና የተሰወረውንና የተገለጠውን እኩል ለሚያውቀው ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

አንባቢ ሆይ! የረመዷንን ጾም ለምን እንደምትጾም ብትጠየቅ መልሱ አይቸግርህም። ግዴታ ነው፤ ከ5ቱ የእስልምና ማዕዘናት አንዱ ነው፤ ከሂጅራ በኋላ በ2ኛው ዓመት ከተደነገገ ጀምሮ ሙስሊሙ ሁሉ በአንድ ወር አብሮ ይጾመዋል። ቤተሰብህ ይጾማል፤ ጎረቤትህ ይጾማል፤ በዚያ ወር በአደባባይ የሚያፍረው የበላው እንጂ የጾመው አይደለም። ነገር ግን ረመዷን አልፎ፣ የዒዱም ደስታ አልቆ፣ ሰው ሁሉ ወደ ምሳው ከተመለሰ በኋላ፣ ግዴታ ያልሆነብህን፣ ብትተወውም ማንም የማይወቅስህን ጾም ለምን ትጾማለህ? ነጋዴ የሆንህ ወንድሜ ሆይ! ዕዳ ሳይኖርበት ገንዘብ ቆጥሮ የሚሰጥህ ሰው ቢመጣ ‹‹ይህ ሰው ወይ ወዳጄ ነው፣ ወይ ከእኔ የሚፈልገው ነገር አለ›› ብለህ መጠርጠርህ አይቀርም። እንግዲህ በፈቃዱ የሚጾመውም ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ አንደኛው ነው። የትኛው እንደ ሆነ ግን በጾሙ ብቻ አይለይም።

ምሳሌውን ከሩቅ አገር አናምጣው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በጉደር አድርጎ ወደ ባኮና ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጨሊያ ወረዳ፣ ጌዶ የምትባል ከተማ አለች። አገሯ ደጋ ነው፤ ማለዳዋ ይበርዳል። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ጤፉንና ስንዴውን፣ ገብሱንና በቆሎውን በአህያ ጭኖ ወደ ገበያዋ ያወርዳል፤ ነጋዴውም ከእርሱ ገዝቶ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ይልካል። በዚህች ከተማ አንድ ሙስሊም እህል ነጋዴ አለ እንበል። ስም አንሰጠውም፤ ማንኛችንም ልንሆን እንችላለንና። ቀኑ ሐሙስ ነው። ሰውየው ጎህ ሳይቀድ በቀስታ ተነሥቶ፣ ከማታ የተረፈ ቂጣ ቀምሶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በልቡ ጾምን ነየተ። ፈጅርን ሰግዶ ጋቢውን ተከናነበና መጋዘኑን ሊከፍት ወጣ።

ትናንት ረቡዕ ነበረ፤ ነገም ዓርብ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ጎረቤቶቹ ይጾማሉ፤ ይህንንም ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ምግብ ቤቱ ሽሮውንና ምስሩን ያሰናዳል፤ ቅቤ ሻጪዋም ገዢ እንደሚቀንስባት አስቀድማ ታውቃለች። በመካከል ያለው ሐሙስ ግን ለከተማው እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነው። የዚህ ሰው ጾም በሁለት የታወቁ ጾሞች መካከል ተሸሽጎ ይውላል።

ሰኞና ሐሙስ ስለ ምን እንደ ተመረጡ ከሐዲስ የታወቀ ነው። በእነዚህ ቀኖች የሰው ሥራ ወደ አላህ ይቀርባል፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሥራቸው ጾመኛ ሆነው ሳሉ እንዲቀርብ ይወዱ ነበር። ሰኞም የተወለዱበትና ራእይ የወረደላቸው ቀን ነው። ከእነዚህ ሌላ በየጨረቃው ወር 13ኛው፣ 14ኛውና 15ኛው ቀን አሉ፤ ሌሊታቸው በጨረቃ ብርሃን ነጭ ስለ ሆነ ነጮቹ ቀኖች ተብለዋል። የዙልሒጃ 9ኛው የዐረፋ ቀን ወደ ሐጅ ላልሄደ ሰው፣ የሙሐረም 10ኛው የዐሹራእ ቀን ከ9ኛው ጋር፣ እንዲሁም የሸዋል 6 ቀኖች አሉ። ስለ ሸዋል ሊቃውንቱ የሰጡት ሒሳብ ለነጋዴ የሚጥም ነው፤ መልካም ሥራ በ10 እጥፍ ይቆጠራልና 30ው የረመዷን ቀን 300፣ 6ቱም 60 ሆነው ዓመት ይሞላሉ። ሁለቱን ዒዶች፣ ከዒደል አድሐም በኋላ ያሉትን 3 ቀኖች መጾም ግን ክልክል ነው፤ አላህ ለመብላት የሰጠውን ቀን መጾም ትሕትና አይደለምና። በሕመም፣ በመንገድ ወይም በወር አበባ ምክንያት ከረመዷን የቀረ ቀን ያለበት ሰው ደግሞ ከስጦታው በፊት ዕዳውን ቢከፍል ይሻለዋል። ይህን ቃል፣ አንባቢ ሆይ፣ በልብህ ያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በታወቀው ሐዲስ አላህ የአደምን ልጅ ሥራ ሁሉ ለራሱ ለሰውየው ሰጥቶ፣ ጾምን ግን ለይቶ የእኔ ነው እንዳለና ዋጋውንም ራሱ እንደሚከፍል ተነግሮናል። ሰላትም ለአላህ ነው፤ ዘካም ለአላህ ነው፤ ስለ ምን ጾም ብቻ በዚህ ክብር ተለየ? ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት) ‹‹ኢሕያእ ዑሉሚዲን›› በተባለው መጽሐፋቸው ከሰጡት ምክንያት አንዱ፣ ጾም መተው እንጂ ማድረግ አለመሆኑ ነው። ሰጋጁ ሲያጎነብስ ይታያል፤ ዘካ ሰጪው እጁ ሲዘረጋ ይታያል። የጾመውና ያልጾመው ሰው ግን ጎን ለጎን ቢቆሙ በመልክ አይለዩም። በሰዋራ ውሃ የተጎነጨ ሰው ወጥቶ ከንፈሩን ቢጠርግ ማን ያውቅበታል? ስለዚህ ጾም ምስክሩ አንድ ብቻ የሆነ ሥራ ነው።

ይልቁንም በፈቃድ የሚጾመው ጾም ከረመዷኑ ይበልጥ የተሰወረ ነው። በበስራ ከተማ ስለ ነበሩት ስለ ዳውድ ኢብኑ አቢ ሂንድ የሚተረከውን አስተውል። እኚህ ሰው በ2ኛው የሂጅራ ምእተ ዓመት የነበሩ የሐዲስ ሊቅ ሲሆኑ፣ ኑሯቸው ግን በጨርቅ ንግድ ነበረ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ሚስታቸው የምታስይዛቸውን ምሳ ተቀብለው በመንገድ ለድኻ ይሰጡታል፤ ማታ ተመልሰው ከቤተሰባቸው ጋር ራት ይበላሉ። ቤተሰቡ በገበያ የበሉ ይመስለዋል። በዚህ ሁኔታ ቤተሰባቸው ሳያውቅ 40 ዓመት ጾሙ ይባላል። እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያስደንቀኝ የዓመቱ ብዛት አይደለም፤ ሰውየው መናኝ ሳይሆኑ ነጋዴ መሆናቸው ነው። በክንድ የሚለኩ፣ ዋጋ የሚከራከሩ፣ ከሰው ጋር የሚውሉ ሰው ነበሩ። ገበያ ጾምን የሚያፈርስ ስፍራ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የእርሳቸውን ጾም ባፈረሰ ነበር።

ከቀትር በፊት ወዳጁ ወደ ጌዶው ነጋዴ መጋዘን መጥቶ ‹‹ና፤ ቡና ተፈልቷል›› አለው እንበል። ቡና በአገራችን ጥሪው ቀላል፣ እንቢታው ግን ከባድ ነው። ምን ይበል? ‹‹ሆዴን አሞኛል›› ቢል ውሸት ነው፤ ጾሙን ለመሸሸግ ብሎ መዋሸት ምስጢሩን በሐራም መሸፈን ነው። ነቢዩ ያስተማሩት ቀላል መንገድ አለ፤ የተጠራ ጾመኛ ጾመኛ መሆኑን መናገር ይችላል፤ ወይም ሄዶ ለጋባዡ ዱዓ ያደርጋል። ጋባዡ የሚያዝን ከሆነም ጾሙን ሊፈታ ይችላል፤ የፈቃድ ጾመኛ በራሱ ላይ ባለ ሥልጣን ነውና። የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት የፈታውን ቀን መክፈል ግዴታ አይሆንበትም ይላሉ፤ የሐነፊይ መዝሀብ ሊቃውንት ግን የጀመረውን ስለ ሆነ በሌላ ቀን ይክፈለው ይላሉ። ሁለቱም መዝሀቦች በአገራችን ተከታይ አሏቸውና እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሸኽ ይጠይቅ። ሳይጠየቅ ‹‹እኔ እኮ ሐሙስ ሐሙስ አልቀምስም›› እያለ በየበረንዳው የሚያወራውን ሰው በተመለከተ ግን መዝሀብ መጠየቅ አያሻም።

አሁን ከሰዓት በኋላ ሆነ። ነጋዴው በመጋዘኑ ብቻውን ነው። አፉ ደርቋል። የውሃው ጀሪካን ከእጁ አንድ ክንድ አይርቅም፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ የሚያየው ፍጡር የለም። ጀሪካኑን አይቶ ፊቱን መለሰ። ይህ እጅግ ትልቅ ነገር ነው፤ አናቃለው። ይህ ሰው በዚያች ደቂቃ አላህ እንደሚያየው በቃል ሳይሆን በጉሮሮው መስክሯል።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ገበሬ ሁለት አህያ ስንዴ ነድቶ መጣ። ጆንያው ወደ ሚዛኑ ወጣ። ቁጥሩ የሚታየው በነጋዴው በኩል ነው፤ ገበሬው ከጆንያው ማዶ አህዮቹን ይዞ ቆሟል። ሚዛኑ 103 ኪሎ ይላል። ነጋዴው ‹‹አንድ ኩንታል›› ብሎ ጮክ ብሎ ጠራ። ሦስቱን ኪሎ ዋጠ። በልቡም ‹‹ለጆንያው ነው፤ ለእርጥበቱ ነው፤ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል›› አለ። ለጆንያው ክብደት መቀነስ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሻጩ ካወቀውና ከተስማማበት ውል ነው። ሻጩ ሳያውቅ ከተቀነሰ ግን ስሙ ሌላ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የመጣንበት ጥያቄ እዚህ ነው። ከሩብ ሰዓት በፊት በዚያው መጋዘን፣ በዚያው ብቸኝነት፣ ማንም የማያየውን ውሃ ‹‹አላህ ያየኛል›› ብሎ የተወ ሰው፣ ማንም የማያየውን ሦስት ኪሎ ሲወስድ ያ የሚያየው የት ሄደ? ውሃው እኮ ሐላል ነበረ! በገንዘቡ ያመጣው፣ ሸሪዓው በሌላ ቀን የፈቀደለት ውሃ ነበረ። ለአላህ ብሎ ሐላሉን ተወ፤ ለራሱ ብሎ ሐራሙን ያዘ። ልጁ ለእንግዳ ክብር ሲል የራሱን ዳቦ ሳይበላ ትቶ የእንግዳውን ኪስ ቢበረብር፣ አባት ይህን ልጅ ጨዋ ብሎ ይጠራዋልን?

አል-ገዛሊ ጾምን በ3 ደረጃ መክፈላቸው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው የሆድና የፍትወት ጾም ነው። ሁለተኛው የዓይን፣ የምላስ፣ የጆሮ፣ የእጅና የእግር ጾም ነው። ሦስተኛው ልብ ከአላህ በቀር ከሁሉ የሚጾምበት የነቢያትና የቅርቦቹ ጾም ነው። ሦስተኛውን ለባለቤቶቹ እንተወው። ሁለተኛው ግን ለእኔና ለአንተ የተቆረጠ ልብስ ነው፤ በእርሱም ውስጥ እጅ ተጠርቷል። ነጋዴ ከሰው ሁሉ ይልቅ በእጁ የሚኖር ሰው ነው። እጁ ይመዝናል፤ እጁ ይለካል፤ እጁ ብር ይቆጥራል። ሆዱ ጾሞ እጁ የበላ ነጋዴ ግማሽ ጾም ጾሟል ልንል እንኳ ያስቸግራል፤ ነቢዩ ሐሰተኛ ንግግርንና በሐሰት መሥራትን ያልተወ ሰው ምግቡንና መጠጡን መተዉ ለአላህ ጉዳዩ እንዳልሆነ አስተምረዋልና።

እርሳቸው ራሳቸው በመዲና ገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገቡ፤ ጣታቸውም እርጥበት አገኘ። ባለ እህሉን ሲጠይቁት ዝናም እንደ መታው ተናገረ። የረጠበውን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስታወቁ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናም በማይለየው ደጋ የምትነግድ ወንድሜ ሆይ፣ ይህ ሐዲስ ስለ አንተ መጋዘን የተነገረ እስኪመስል ቅርብህ ነው። ያ ሰው ጠጠር አልቀላቀለም፤ ሚዛን አላጠመመም፤ የረጠበውን ከሥር አደረገ እንጂ። የቁርኣን አማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ደግሞ ዐረብኛ የማያውቅም ሰው የሙጠፊፊንን ምዕራፍ ገልጦ፣ ሲቀበሉ ስለሚያሞሉና ሲሰጡ ስለሚያጎድሉ ሰዎች የተነገረውን ሊያነብ ይችላል። ምዕራፉ 36 አንቀጽ ነው፤ ሱቅ ከመዝጋትህ በፊት ተነብቦ ያልቃል።

ምናልባት እንዲህ የሚል ይኖራል፦ ‹‹ሰው ደካማ ነው፤ በሚዛን ያጠፋሁትን በጾም አካክሰዋለሁ፤ ጾም የአላህ ነውና ማንም አይወስድብኝም።›› ይህ አሳብ የተራ ሰው ብቻ አይደለም። ከቀደሙት ሊቃውንት ሱፍያን ኢብኑ ዑየይና ስለ ጾም ልዩ ክብር ሲያብራሩ፣ በፍርድ ቀን የተበደሉ ሰዎች የበዳዩን መልካም ሥራ ሁሉ እየተካፈሉ ሲወስዱ ጾሙ ብቻ ሳይነካ ይቀርለታል፣ የቀረውንም በደል አላህ ይሸከምለታል የሚል ትርጉም እንደ ሰጡ ተዘግቧል። የሚያጽናና ቃል ነው። ነገር ግን የኮርዶባው ሊቅ አል-ቁርጡቢ ይህን ትርጉም ከወደዱት በኋላ የሙፍሊሱን ሐዲስ ባስተዋሉ ጊዜ እንዳልተቀበሉት ይታወቃል። ሙፍሊስ ማለት የከሰረ ነጋዴ ማለት ነው። ነቢዩ ባልደረቦቻቸውን ሙፍሊስ ማን እንደ ሆነ ጠየቋቸው፤ እነርሱም ገንዘብና ንብረት የሌለው ነው አሉ። እርሳቸው ግን በትንሣኤ ቀን ሰላትን፣ ጾምንና ዘካን ይዞ የሚመጣ፣ ዳሩ ግን ይህን ሰድቦ፣ የዚያን ገንዘብ በልቶ፣ ሌላውን መትቶ የመጣ ሰው መሆኑን አስረዱ። ለእያንዳንዱ ባለ ዕዳ ከመልካም ሥራው ይሰጣል፤ ሥራው ሳይበቃ ካለቀም የእነርሱ ኃጢአት በላዩ ይጫናል። ጾም በዚያ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጠርቷል። እንግዲህ ጾምም ለዕዳ ይወሰዳል ማለት ነው።

ይህን በጌዶ ሚዛን ላይ አስቀምጠው። ነጋዴው 20 ዓመት ሰኞና ሐሙስ ጾመ እንበል፤ በእነዚያው ዓመታት ከየኩንታሉ 3 ኪሎ አጎደለ። የገበሬዎቹ ቁጥር ስንት ነው? አንዱ ከኮረብታው ማዶ፣ ሌላው ከወንዙ ወዲያ ነው፤ ስማቸውን አያውቀውም። በዚያ ቀን ግን እነርሱ ያውቁታል። በብርድ ማለዳ ተነሥቶ የጾማት እያንዳንዷ ሐሙስ ለማያውቀው ሰው ትታደላለች። ቀደም ሲል ዕዳ ከስጦታ ይቀድማል ያልነውን አስብ። የፈቃድ ጾም ስጦታ ነው፤ የሦስቱ ኪሎ ዋጋ ዕዳ ነው።

የጥንት ነጋዴዎቻችንንም ነገር አንርሳ። በ19ኛው ምእተ ዓመት ከእናርያና ከጅማ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ፣ ከጌዶ ወደ ሰሜን ባለው በጉድሩ የአሰንዳቦን ገበያ አግኝቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይጓዝ ነበር። ከእነዚህ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ በጊቤ ወዲያ ማዶ ባሉት መንግሥታትም እስልምና ሲገባ የነጋዴዎች ድርሻ ትልቅ እንደ ነበረ ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። መንገደኛ ከረመዷን ጾም እንኳ ፈቃድ ያለው ስለ ሆነ፣ ያ የአገሩ ሰው ሁልጊዜ ጾማቸውን አይቶ ነው ልንል አንችልም። በሰሌን ላይ የተዘረጋውን አሞሌ፣ ቡናና ጨርቅ፣ የአለካካቸውንም ሁኔታ ግን በየገበያው ያይ ነበር። ዛሬም ጌዶ ላይ ከገጠር የሚመጣ ሰው ስለ እስልምና የሚያነበው መጽሐፍ የአንተ ሚዛን ነው።

ስለ ቤተሰብም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፤ ጾመኛው በመጋዘን ብቻ አይኖርምና። አቡ ደርዳእ ቀን ቀን የሚጾሙ፣ ሌሊት ሌሊት የሚሰግዱ ሰው ነበሩ። ሰልማን አል-ፋሪሲ ሊጠይቋቸው ቢመጡ ሚስታቸው ራሷን ጥላ አገኟት፤ ምክንያቱንም በጠየቋት ጊዜ ወንድምህ የዚህ ዓለም ነገር አያሻውም አለቻቸው። ሰልማን የአቡ ደርዳእን ጾም አስፈቱ፤ ሌሊቱንም አስተኟቸው፤ ከዚያም ጌታ መብት እንዳለው ሁሉ ነፍስና ቤተሰብም መብት እንዳላቸው ነገሯቸው። ነቢዩም ሰልማን እውነት መናገራቸውን አጸደቁ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምርም በየቀኑ መጾም በፈለጉ ጊዜ ነቢዩ ከወር 3 ቀን አስበዋቸው፣ በግድ ቢሉ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን መፍታት ከሆነው ከነቢዩ ዳውድ ጾም እንዳያልፉ ወሰኑላቸው፤ በእርጅናቸውም ቅናሹን በተቀበልሁ ኖሮ ብለው ተመኝተዋል። ሚስትም ባሏ በቤት ሳለ የፈቃድ ጾም ስትጾም ፈቃዱን ትጠይቃለች፤ ባልም በረኃቡ ምክንያት በልጆቹ ላይ የሚጮህና በሱቁ ሠራተኛ ላይ የሚቆጣ ከሆነ የጾሙን ሸክም ለሌላ ሰው አሸክሟል። ጌታው ጾሟልና ምሳው እስከ 9 ሰዓት የሚዘገይበት የሱቅ ልጅ ሳይነይት የሚጾም ምስኪን ነው።

ፀሐይ ጠለቀች። የጌዶው ነጋዴ መግሪብ ሲባል በተምርና በውሃ ፈታ። ምሽቱን አብረን ከተከተልነው፣ ሦስቱ ኪሎ በጉሮሮው እንደ ቀረ እናስብ። ምን ያድርግ? ጾሙን በዕጥፍ አይጨምር፤ ይህ አያወጣውም። የሦስቱን ኪሎ ዋጋ በዕለቱ የስንዴ ገበያ ያስላ፤ ገንዘቡን ከመሳቢያው ለይቶ በወረቀት ይጠቅልል፤ በላዩም ‹‹ባለ ሁለት አህያው›› ብሎ ይጻፍበት፤ ገበሬው በሚመጣው የገበያ ቀን ሲመለስ ጠርቶ ይስጠው፤ አፉንም ይጠይቀው። ሚዛኑንም ቁጥሩ ለሻጩ በሚታይበት በኩል ያዙረው። ገበሬው ሳይመለስ ቢቀርና ፈልጎ ፈልጎ ቢያጣው፣ ገንዘቡን በገበሬው ስም ለድኻ ይመጽውተው። ከዓመታት በኋላ ሰውየው አህዮቹን እየነዳ በበሩ ቢያልፍ ግን ገንዘቡ አሁንም የገበሬው ነው፤ ምጽዋቱ ለነጋዴው ሆኖ፣ ለገበሬው ካልፈቀደ በቀር እንደ ገና ይከፈለዋል።